አመዳይ ወደሚነጣበት ደጋ

የልደት በዓል ሲቃረብ በየከተማው፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬም ሳይቀር፣ በሱቁና በሳሎኑ የጥድ ቅርንጫፍ ቆሞ በላዩ ጥጥ ተበትኖ ይታያል። ጥጡ የበረዶ ምሳሌ መሆኑ ነው። ልጆች «በረዶ ምድሩን የሚያለብሰው ወዴት አገር ነው?» ብለው ሲጠይቁም የሚሰጣቸው መልስ ዘወትር ባሕር ማዶ ነው። እኛ ግን በዚህ ወር ለክርስቲያን ቤተሰብ ልናሳስብ የወደድነው፣ ጥጥ ሳይበተን የሚነጣ ምድር ከደጃችን ብዙ ሳይርቅ መኖሩን፣ ያንንም ለማየት የሚወጣ ሰው ምን ዓይነት ልብ ይዞ መውጣት እንደሚገባው ነው።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። ነቢዩ ዳዊት በ50ኛው መዝሙር ንጽሕናን በበረዶ ንጣት መስሎ ለምኗል። የምዕራብ ጎጃም ልጅ ይህን መዝሙር በቃሉ ይደግመዋል፤ በረዶን የሚያውቀው ግን በክረምት ከነጐድጓድ ጋር ወርዶ ጤፉንና በቆሎውን በሚቀጠቅጠው ጠጠር ነው። ቋንቋችን ሁለቱን በአንድ ስም ጠራቸው እንጂ አፈጣጠራቸው ይለያያል። በነጐድጓድ ደመና ውስጥ የውኃ ጠብታ በብርቱ ነፋስ ወደ ላይ እየተወሰደ ሲረጋና ሲደራረብ ጠጠሩ በረዶ ይሆናል። በብርድ አገር ግን በደመናው ያለው እንፋሎት ጠብታ ሳይሆን ይረጋና፣ ስድስት ማዕዘን ያለው ቅርጽ ይዞ እንደ ላባ በዝግታ ይወርዳል። ሦስተኛው አመዳይ ነው፤ እርሱ ከሰማይ አይወርድም፤ በውርጭ ሌሊት በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት በሣሩና በቅጠሉ ላይ ረግቶ የሚነጣ ነው።

ላባ መሳዩ በረዶ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በአዱሊስ በነበረ የድንጋይ ዙፋን ላይ ስሙ ያልታወቀ የአክሱም ንጉሥ የዘመቻውን ታሪክ አስጽፎ ነበር፤ ጽሑፉን በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለ ነጋዴ ገልብጦ ለዓለም አቆይቶታል። በዚያ ጽሑፍ ንጉሡ የሰሜንን ተራሮች ሲያነሣ፣ በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ የሚያሰጥም መሆኑን ይናገራል። ዛሬም ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በራስ ዳሸን አልፎ አልፎ ይወርዳል፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ ይቀልጣል።

ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ቤተሰብ የሚቀርበው ግን የጎጃም ደጋ ነው። ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት የሚወጣ ሰው ወደ ደጋ ዳሞት ይደርሳል፤ ከዚያም በምሥራቅ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የጮቄ ተራራ፣ ረጃጅሙን ጅብራ ተሸክሞ ይታየዋል። ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ሄዶ በቲሊሊ በኩል የሚገነጠል ደግሞ ወደ ሰከላ፣ ወደ ግሽ ዓባይ ይደርሳል። ግሽ ዓባይ የዓባይ መነሻ በመሆኑ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1770 ዓ.ም. መጥቶ የጐበኘው ነው፤ ለእኛ ግን ከሁሉ በፊት የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ጸበል ነው። ጻድቁ ጥር 13 ቀን ሲታሰቡ፣ ጥምቀትን በከተማ አክብሮ ወደዚያ የሚወጣ ምእመን ብዙ ነው።

የእኛ ክረምት የዝናብ ወራት ስለ ሆነ፣ ሌላው ዓለም በበረዶ የሚከበርበት ጊዜ ለእኛ በጋ ነው። ሆኖም ብርቱው የደጋ ውርጭ የሚወርደው በዚሁ በበጋ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ደመና ለምድር እንደ ጋቢ ሆኖ ሙቀቷን ይይዝላታል፤ ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርበት ሌሊት ግን ሙቀቱ ያለ ከልካይ ያመልጣል። የቀዘቀዘውም አየር ከባድ ስለ ሆነ ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ ስለዚህ ከተረተሩ ይልቅ ሜዳውና የወንዙ ዳር ነጥቶ ያድራል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ወዲያው ስለሚጠፋ፣ ሊያየው የሚወድ ማልዶ መነሣት አለበት።

ዋናው ነገራችን ከዚህ ይጀምራል። ለእንግዳው ውበት የሆነው ይህ ንጣት ለባላገሩ መከራ ሊሆን ይችላል። ዘግይቶ የተዘራ ገብስ፣ አበባ የያዘ ባቄላ፣ በመስኖ የበቀለ ድንች በአንድ ሌሊት ውርጭ እሳት እንደ ነካው ይጠቁራል። የከተማው ልጅ ነጩን መስክ አይቶ በደስታ ሲጮኽ፣ ከአጠገቡ የቆመው አረጋዊ የዓመት ቀለቡን እየተመለከተ ይሆናል። ስለዚህ ወላጆች ልጆቻቸውን ገና ከቤት ሳይወጡ ቢያስተምሩ መልካም ነው፤ ከመደነቅ አስቀድሞ «እንደምን አደሩ? ውርጩ ማሳዎን ጎዳው ወይ?» ብሎ መጠየቅን ይልመዱ። የሰውን ኀዘን ሳያዩ ፍጥረትን ማድነቅ ፍሬው ግማሽ ነው፤ ሁለቱን ባንድነት ያየ ልጅ ግን ለማመስገንም ለማዘንም ይማራል።

የዘመድ ቤትም እንደ እንግዳ ማረፊያ አይቈጠርም። የእኛ ወይና ደጋ ያለውን ደጋው የለውም፤ የቡሬና የጃቢ ጠህናን በርበሬ፣ ጥቂት ቡና፣ ማንጎና ሙዝ ይዞ የሚወጣ ቤተሰብ ለአክስትና ለአጎት የሚያስደስት ነገር ይዟል። አክስትም በፈንታዋ የገብስ ቆሎና ጠላ፣ ለሌሊትም የበግ ጠጕር ባና ታቀርባለች። እንዲህ ያለው መለዋወጥ ቆላውንና ደጋውን አስተሳስሮ ያኖረ የአባቶች ሥርዓት ነው፤ ዘመዱን በስልክ ብቻ የሚያውቅ ልጅ እየበዛ ሲሄድ ይህ ሥርዓት ይረሳል ብለን እንሠጋለን።

ስለ ጤናም አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። ከፍታው በየ1,000 ሜትሩ ሲጨምር ብርዱ በ6 ዲግሪ ያህል ስለሚበረታ፣ ከፍኖተ ሰላም በስስ ልብስ መውጣት አይገባም፤ ለሕፃናት የራስና የእግር መሸፈኛ ይያዝ። ይልቁንም ብርዱን እንሽሽ ብሎ የከሰል ማንደጃ ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ በር መዝጋት እጅግ አደገኛ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው መርዝ ሽታም መልክም የለውም፤ የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። እሳቱ በውጭ ይሙቅ፤ በመኝታ ጊዜ ጋቢና ባና ይደራረብ።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ብዙ ቤተሰብ እንኳን ለዕረፍት፣ ለልቅሶም ወደ ዘመዱ መድረስ ያቃተው ጊዜ መኖሩን ረስተን አይደለም። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ የከተማዋ ስም ለልጆቿ የዘወትር ጸሎት ሆኗል። መንገዱ አስጊ በሆነበት ጊዜ ሕፃናትን ይዞ መውጣት አይገባም፤ ጸሎቱና ናፍቆቱ በቤት ይቆይ፤ ለደጋው ዘመድም መልእክት ይላክ፤ ማሳውም እንዴት እንደ ከረመ ይጠየቅ። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ግን ጉዞውን ለከርሞ አናዘግየው፤ አያቶቻችን ሳያልፉ ልጆቻችን ይድረሱባቸው።

ውርጩንና አመዳዩን የፈጠረ አምላክ የባላገሩን ማሳ ይጠብቅልን፤ ለአገራችን ሰላምን፣ ለመንገደኛውም በደኅና ወጥቶ መግባትን ያድለን። አሜን።