የአዋሽ ባቡር ጣቢያ ባለቤት ይጠራልን!

ሌላው አገር ከተማ ካለ በኋላ ነው ጣቢያ የሚተከለው። አዋሽ ሰባት ኪሎ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ከተማውን የወለደው ጣቢያው ነው። መቼም ዛሬ በአስፋልቱ ሽው ብሎ ወደ ድሬዳዋ ለሚያልፍ መንገደኛ አዋሽ ማለት ምሳ ተበልቶ፣ ሙቀቱ ተረግሞ የሚታለፍ ቦታ ነው። አባቶቻችን ግን ያድሩበት ነበር። ባቡሩ ሌሊት በማይሄድበት በዚያ ዘመን ከጅቡቲ አዲስ አበባ መንገዱ ሦስት ቀን ይፈጃል። አንዱ ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛው አዋሽ! ከጣቢያው ጎን ያለው ቡፌ ስም ያወጣውም በዚሁ ነው።

አፄ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። ንጉሡ ሳያዩት አረፉ። በመሀሉ የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሯል፣ ፈረንሳይና እንግሊዝም ተነታርከውበታል። እንዲያም ሆኖ የአዋሽ ገደል ድልድይ ተሠርቶለት 784 ኪሎ ሜትሩ ተጠናቀቀ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለሥላሴ ወደ ስደት ሲወጡ የሄዱት በዚሁ ሐዲድ ላይ ነው። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ድልድዮቹ ሲፈነዱ፣ ጠግኖ ባቡሩን መልሶ ያስኬደው ደግሞ ስሙ የትም ያልተጻፈ ሠራተኛ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። አዋሽ አጠገብ፣ ድልድዩ ኩርባ ላይ፣ ባቡሩ ሐዲዱን ስቶ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። 428 ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ኩርባው ላይ ፍጥነት አልቀነሰም ተብሎ ሾፌሩ ታሰረ። ያ ዘመን አገሩ በረሃብ የሚያልቅበት ስለነበር ይመስለናል፣ የአዋሽ ሟቾች እንደዋዛ ተረሱ።

በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው አሮጌው ባቡር ቆመ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ መስመር ተመረቀ። እሰየው ነው፤ አዲሱን የሚጠላ የለም። ግን የአዲሱ ሪባን ሲቆረጥ የአሮጌው ርስት ለማን ተላለፈ? ለባቡር መሥሪያ ቤቱ? ለክልሉ? ለቅርስ ክፍሉ? ወይስ ሁሉም "እኔን አይመለከትም" ብሎ እጁን ታጥቧል? ይህን የምንጠይቀው ክፉ ስለምናስብ አይደለም። ባለቤት ያጣ ብረት ገዢ አጥቶ አያውቅም፣ አገሩን እናውቀዋለን።

አሮጌው ባቡር ተመልሶ ይሂድ አላልንም። በአዋሽ ጣቢያም ሆነ በሌሎቹ፣ ሕንፃው፣ ሰዓቱ፣ ደወሉ፣ ፉርጎው፣ በፈረንሳይኛ የተጻፈው መዝገብ አንድ በአንድ ይቆጠር። ዝርዝሩም በአደባባይ ይውጣ። ያ እስኪሆን ድረስ አንዲት ብሎን በኪሎ አትሸጥ። ጡረታ የወጡት የባቡር ሠራተኞች እያንዳንዷን ኩርባ በቃላቸው ያውቋታል፣ እነሱ በሕይወት እያሉ ይጠየቁ። የ428ቱንም ስም በዚያ ጣቢያ ግድግዳ ላይ ማንበብ እንሻለን።

የሚመለከተው ክፍል ካለ፣ "እኔ ነኝ" ይበለን።