ባለቤት የሌለው ግስ

በአማርኛ ሰዋስው ተገብሮ ግስ የሚባለው ድርጊቱን ተናግሮ አድራጊውን የሚሸሽግ የግስ ዓይነት ነው፤ «ብርጭቆው ተሰበረ» ያለ ሰው ማን እንደ ሰበረው የመናገር ዕዳ የለበትም። የአገሪቱ የስፖርት ዜና ከእነዚህ ግሶች ሁሉ አብልጦ የወደደው «ተብሏል» የሚለውን ሲሆን፣ ይህ ዓምድ በቃሉ ላይ ሲማረር የመጀመሪያው እንዳልሆነ የዘወትር አንባቢዎቹ ያውቃሉ። ሆኖም በዚህ ሳምንት አንድ የሬዲዮ የስፖርት ዝግጅት፣ አንዲት ሯጭ ከውድድር የራቀችው «በጉዳት ሳይሆን በሌላ ምክንያት ነው ተብሏል» ብሎ፣ ምክንያቱን ሳይናገር፣ «ሌላ» የምትለዋን ቃል ግን ረገጥ አድርጎ ካነበበ በኋላ ወደ ማስታወቂያ በማለፉ፣ የቆየውን ክርክር ዳግም ማንሣት ግድ ሆኗል። ማን እንዳለ አልተነገረም፤ አትሌቷን ወይም ማናጀሯን ለመጠየቅ ስለ መሞከሩም አንድ ቃል አልተሰማም።

«ሌላ ምክንያት» ሲባል በአትሌቲክሱ ዓለም ሁሉም የሚረዳው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም አበረታች ቅመም፣ ማለትም የሰውነትን አቅም ለማሳደግ የሚወሰድና በዓለም አቀፍ ደንብ የተከለከለ ንጥረ ነገር ነው። ደንቡ ራሱ ግን በሰው ስም ጉዳይ ከጋዜጠኛው ይልቅ ጥንቁቅ ነው። ከአትሌቱ የሚወሰደው ሽንት «ኤ» እና «ቢ» ተብሎ በሁለት ጠርሙስ ይታሸጋል፤ በ«ኤ» ናሙና ላይ የተከለከለ ነገር ቢገኝ እንኳ አትሌቱ የ«ቢ» ናሙና እንዲከፈትለት የመጠየቅ መብት አለው፤ ጉዳዩን የያዘው አካልም ለአትሌቱ ሳያሳውቅ ስሙን ለሕዝብ ማውጣት አይፈቀድለትም።

ጥንቃቄው ከንቱ እንዳልሆነ የአበባ አረጋዊ ጉዳይ ያሳያል። ለስዊድን እየሮጠች በ2005 ዓ.ም. በሞስኮ የ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው አበባ፣ በ2008 ዓ.ም. ሜልዶኒየም የተባለ፣ ለልብ ሕመም የሚታዘዝና ገና በዚያው ዓመት የተከለከለ መድኃኒት ተገኝቶባት ታገደች፤ ከወራት በኋላ ግን መድኃኒቱ ከሰውነት ተጠርጎ ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ በውል ባለመታወቁ እገዳው ተነሣላት። ይህ በቤተ ሙከራ የተገኘ ውጤት እንጂ ወሬ አልነበረም፤ እንዲያም ሆኖ የመጀመሪያው ዜና ሙሉ ታሪኩ አልነበረም። ብዙ ሰው ዛሬም የሚያስታውሰው መታገዷን ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት፣ ነሐሴ 6 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ አልማዝ አያና በሪዮ ኦሊምፒክ 10,000 ሜትርን በ29:17.45 ጨርሳ ቻይናዊቷ ዋንግ ጁንዢያ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ይዛው የቆየችውን የ29:31.78 ክብረ ወሰን ከ14 ሰከንድ በላይ ስታሻሽል፣ ላቧ ሳይደርቅ ጥርጣሬው ተነሣ። አብራት የሮጠች አንዲት ስዊድናዊት ሳትቀር ውጤቱን እንደማታምን በአደባባይ ተናገረች። አልማዝ በጋዜጣዊ መግለጫው ላይ ስትጠየቅ ዶፒንጓ ልምምዷና ኢየሱስ መሆናቸውን፣ ከዚያ ሌላ ምንም እንደሌለ መለሰች። አገር ቤት ያለው አድማጭ በጥያቄው እጅግ ተቆጣ። ይህ ዓምድ ግን ያን ጊዜም ሆነ ዛሬ በቁጣው ግማሽ ብቻ ይስማማል፤ ፊት ለፊቷ ተነሥቶ የጠየቀው ጋዜጠኛ፣ ጥያቄው የቱንም ያህል ቢያም፣ ለቃሉ ባለቤት ሆኗል፤ እሷም መልስ የመስጫ ዕድል አግኝታለች። የሚያስቆጡት ሳይጠይቋት፣ «ሰው እንዲህ አይሮጥም» ከሚል ግምት ብቻ ተነሥተው የጻፉት ናቸው። አልማዝ በአበረታች ቅመም ተከስሳም ተቀጥታም አታውቅም። ሰው አይሮጠውም የተባለውን ሰዓት ደግሞ ለተሰንበት ግደይ በ2013 ዓ.ም. ወደ 29:01.03፣ ኬንያዊቷ ቢያትሪስ ቼቤት በ2016 ዓ.ም. ወደ 28:54.14 አውርደውታል፤ በመካከሉ የጫማው ሥሪት መለወጡ ባይካድም፣ «አይቻልም» የሚለው ቃል ማስረጃ እንዳልነበረ ግን ግልጽ ሆኗል።

ያን ጊዜ ስለ አልማዝ ጥብቅና የቆሙት የአገር ውስጥ ዝግጅቶች ናቸው እንግዲህ ዛሬ በገዛ አትሌቶቻቸው ላይ «ሌላ ምክንያት» እያሉ የሚያነቡት። ልማዱ የተኮተኮተው በአውሮፓ እግር ኳስ የዝውውር ጭምጭምታ ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ አርሴናል እገሌን ሊያስፈርም ነው ተብሎ ሳይሆን ቢቀር አዲስ አበባ ላይ የሚጠይቅ የለም፣ ተጫዋቹም አይሰማም። ሱሉልታ ላይ ልምምድ የምትሠራ ሯጭ ግን ሬዲዮውን የሚሰሙ እናት፣ ጎረቤትና የልምምድ ጓደኞች አሏት፤ በማግስቱ ሜዳ ስትደርስ ሰላምታው ይቀዘቅዛል፣ የውድድር አዘጋጆችም ለማናጀሯ መልስ መስጠት ያዘገያሉ። «የሰማነውን ነው ያሰማነው» የሚሉ አሉ። የሰማውን ለማሰማትማ ገበያ የዋለ ሁሉ ይችላል፤ ጋዜጠኛ ደመወዝ የሚበላው የሰማውን በማጣራቱ ነው።

ወሬ አትሌትን ምን ያህል እንደሚያስከፍል «ማርሽ ቀያሪው» ምሩፅ ይፍጠር ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። በውጭ ጋዜጠኞች ዘንድ ወሬው ስለ ዕድሜው ነበር፤ እሱም ዶሮና በግ ሊሰረቅ ቢችልም ዕድሜውን ግን ማንም ሊሰርቀው እንደማይችል መልሶላቸዋል። የከፋው የአገር ቤቱ ነው። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ ካገኘ በኋላ የ5,000 ሜትሩን ሳይሮጥ ቀረ፤ አንዱ አሠልጣኞቹ አዘግይተውት ነው ሲል፣ ሌላው በር ተሳስቶ፣ ሌላው መጸዳጃ ቤት ቆይቶ ነው አለ፤ ከሁሉም የበረታው ግን ሆን ብሎ ቀርቷል የሚለው ሆነና ምሩፅ አገሩ ሲገባ ታሰረ። የሞንትሪያሉ ኦሊምፒክ በአፍሪካውያን አድማ አምልጦት፣ በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ 10,000ውንም 5,000ውንም እስኪያሸንፍ ድረስ ስምንት ዓመት መጠበቅ ነበረበት። የሙኒኩ መዘግየት ምክንያቶች ዛሬም ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ «ሆን ብሎ ነው» የሚለውን መጀመሪያ ያወራው ሰው ግን ስም የለውም፤ የታሰረው ምሩፅ ነው።