ስለ ቤት ዕቃ የዕድሜ ዘመን ሒሳብ

በንግድ ቤት የአንድ ወንበር ሒሳብ በሦስት ቍጥሮች ያልቃል፤ የተገዛበት ዋጋ፥ ለማጓጓዣና ለቀረጥ የወጣው ወጪ፥ የተሸጠበትም ዋጋ ነው። ወንበሩ ከየትኛው ዛፍ እንደ ተጠረበ፥ ከገዢው ቤትም ከወጣ በኋላ በየት እንደ ወደቀ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። አሁን ግን ይህን የሚጠይቅ ገዢ መጥቶአል፤ ጥያቄውም ከውጭ አገር ሕግ ጋራ ተያይዞ ስለ መጣ፥ እንደ ወቅት ወሬ ቈጥረን የምናሳልፈው አይደለም።

አሠራሩ የዕቃ የሕይወት ዘመን ምዘና ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1969 የኮካ ኮላ ኩባንያ የመጠጥ መያዣዎቹን ለማስተያየት ያሠራው ጥናት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ በ2006 ደግሞ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይ.ኤስ.ኦ. 14040 እና 14044 የተባሉትን ደንቦች አውጥቶ ሥርዐት አስያዘው። ሐሳቡ ለነጋዴ እንግዳ አይሆንም። ዕቃው ጥሬ ሳለ ጀምሮ እስኪጣል ድረስ የፈጀው እንጨት፥ ብረት፥ ውሃና ነዳጅ በአንድ ወገን፥ ያወጣው ጢስ፥ ፍሳሽና ጥራጊ በሌላ ወገን ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ በአየር፥ በውሃና በሰው ጤና ላይ የሚያደርሰው ጫና ይሰላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር መስፈሪያው ነው። ሁለት ወንበሮችን በቍጥር አንድ ለአንድ ማስተያየት ያሳስታል፤ መስፈሪያው አንድ ሰው አንድ ዓመት የሚቀመጥበት አገልግሎት መሆን አለበት። ለምሳሌ ያህል ብቻ፥ የአንዱ ወንበር ጫና 30 ሆኖ 20 ዓመት ቢያገለግል፥ የሁለተኛውም ጫና 12 ሆኖ በ3 ዓመት ቢሰበር፥ በመጀመሪያው ላይ ለዓመት የሚደርሰው አንድ ተኩል፥ በሁለተኛው ላይ ግን አራት ይሆናል። ቀላል መስሎ የታየው ዕቃ ከባዱ ሆኖ ይገኛል። የቤት ዕቃ እንደ መኪና ወይም እንደ ማቀዝቀዣ በአገልግሎቱ ጊዜ ነዳጅም ኤሌክትሪክም የሚፈጅ ስላልሆነ፥ አብዛኛው ጫናው ከጥሬ ዕቃውና ከፋብሪካው ላይ ያርፋል፤ ስለዚህም የዕድሜው ርዝመት ሒሳቡን ይገለብጠዋል።

ይህን ስል ቺፕውድን ሁሉ መንቀፌ አይደለም። ከእንጨት ፍቅፋቂና ከተረፈ ምርት መሠራቱ በመዝገቡ ላይ በበጎ የሚጻፍለት ነው፤ ከተፈጥሮ ደን የተቈረጠ የዋንዛ ጣውላም ጠንካራ ስለ ሆነ ብቻ ንጹሕ አይባልም። ነገር ግን ወለሉ ዘወትር በውሃ በሚታጠብ ቤት የቺፕውድ ቁም ሣጥን እግሩ ውሃ ጠጥቶ ማበጡን፥ ከዚያም ብሎኑ አልይዝ ማለቱን የማያውቅ ባለሱቅ የለም። ማጣበቂያውም ብዙ ጊዜ ፎርማልዴሃይድ ያለበት ነው፤ ይህንን ቅመም የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል እ.ኤ.አ. በ2004 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት መካከል መድቦታል። አስመጪው ለፋብሪካው በሚጽፈው ደብዳቤ የማጣበቂያውን ዓይነትና የሚተነውን መጠን ቢጠይቅ የሚከፍለው ተጨማሪ ወጪ የለበትም።

ስለ ማጓጓዣ ብዙ ሰው የሚገምተው ተቃራኒውን ነው። ከቻይና ወደብ እስከ ጅቡቲ ያለው የባሕር መንገድ 10,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ሆኖም መርከብ አንድ ቶን ጭነት አንድ ኪሎ ሜትር ለመውሰድ የሚፈጀው ነዳጅ ከጭነት መኪና በብዙ እጥፍ ያንሳል። ስለዚህ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው አጭሩ መንገድ ከርዝመቱ ጋራ የማይመጣጠን ድርሻ ይይዛል። በባቡር ማምጣት፥ ዕቃውንም ተፈታቶ በጠፍጣፋ ካርቶን እንዲታሸግ ማድረግ ሁለቱም ጫናን ይቀንሳሉ፤ የቤት ዕቃ ኮንቴይነር በክብደት ሳይሆን በስፋት የሚሞላ ነውና የተገጠመ ወንበር የሚያስመጣ ሰው ለአየር ኪራይ መክፈሉ ነው።

የዕድሜው መጨረሻ ደግሞ እኛን በተለይ የሚነካ ክፍል ነው። ሌላ አገር በተዘጋጀ ሒሳብ አሮጌ ሶፋ ወደ ማቃጠያ ወይም ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳል ተብሎ ቢታሰብ፥ በእኛ ዘንድ ግን ቆራሌው ከየደጁ ይገዛዋል፤ በመርካቶ ምናለሽ ተራም ብረቱ ለብቻ፥ እንጨቱ ለብቻ ተለይቶ እንደገና ሥራ ያገኛል። ልብሱን የሚቀይሩ፥ ስፖንጁን የሚያድሱ ባለሙያዎችም በየሰፈሩ አሉ። ይህ ሁሉ ለዕቃው ዕድሜ የተጨመረ ነው፤ ነገር ግን ደረሰኝና መዝገብ ስለሌለው በማንም ሒሳብ ውስጥ አይገባም። እንደ እኔ አስተያየት ትልቁ ጕዳታችን ይህ ነው። ሥራው አለ፤ ወረቀቱ ግን የለም።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ሕግ ውስጥ ቡናና የእንጨት የቤት ዕቃ ባንድነት ተመዝግበዋል፤ የሚጸናበት ቀን ደጋግሞ ቢተላለፍም ሕጉ አልተሻረም። በ2024 የወጣው የምርት አሠራር ሕግም በ2025 በወጣው የሥራ ዕቅድ የቤት ዕቃን በቅድሚያ ከሚታዩት መካከል አስገብቶታል፤ ዕቃው ስለ አሠራሩ የሚናገር የኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት እንዲኖረው ታስቦአል። የቡና ላኪዎች የእያንዳንዱን ገበሬ ማሳ አቀማመጥ መዝግቦ ማቅረብ ምን ያህል ድካም እንዳለበት አይተውታልና፥ ከእነርሱ መማር ይቻላል።

አስቸጋሪው ነገር ወጪው ነው። ሙሉ ጥናት ማሠራት ለትልቅ ፋብሪካ እንጂ ሦስት ሠራተኛ ላለው አናጢ የሚሞከር አይደለም፤ ነገሩ እንዲሁ ከተተወ ጥሩ ዕቃ የሚሠራው ሰው ወረቀት በማጣት ብቻ ከጨረታ ይወጣል። ከዚህም በላይ አንዳንዱ ሻጭ ከፋብሪካ በር ወዲህ ያለውን ትቶ የሚያቀርበው ቍጥር፥ እስከ መጣያ ድረስ ከተቈጠረ ቍጥር ጋራ እየተስተያየ ገዢን ሊያደናግር ይችላል። የሒሳቡ ዳር ድንበር ያልተጻፈበትን ማስረጃ አለመቀበል ይሻላል።

እኔ በጽሕፈት ሥራዬ ስመለከተው የሒሳቡ ግማሽ አስቀድሞ በየመደርደሪያችን ተቀምጦአል። ክብደቱ በማሸጊያ ዝርዝሩ ላይ፥ የተጫነበት ወደብ በመርከብ ሰነዱ ላይ፥ የዕቃው ዓይነት በጕምሩክ ዲክላራሲዮኑ ላይ ተጽፎአል። የንግድ ምክር ቤቱ ለአባሎቹ ሁሉ የሚሆን አንድ ገጽ ቅጽ ቢያዘጋጅ፥ ለጥናቱም ወጪ አናጢዎችና አስመጪዎች በማኅበር ቢዋጡ ነገሩ ከአቅም በላይ አይሆንም። በቅጹ ላይ የእንጨቱ ዓይነትና የተገኘበት ስፍራ፥ የማጣበቂያው ዓይነት፥ ክብደት፥ የመጣበት መንገድ፥ ለጥገና የተመለሰበት ቀንና ምክንያት ቢሰፍሩ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። የመጨረሻውን ዐምድ ባለሱቁ ራሱ ሊሞላው ይገባል፤ ዕቃው ስንት ዓመት እንደ ቈየ ከእርሱ ይልቅ የሚያውቅ የለምና።