ቀብድ ከመከፈሉ በፊት የይዞታው ዓይነት በጽሑፍ ይሰጥ

ከሪያድና ከጅዳ፣ በሰው ቤት ተሠርቶ የሚላከው ገንዘብ በሰሜን ወሎ ወዳሉት ቆቦ፣ ሮቢትና ጎብዬ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ቦታ ይገዛበታል። ደላላው «ይዞታ አለው፣ ንጹሕ ነው» ይላል። ወንድም ወይም አባት ቀብድ ይሰጣል፣ ቆርቆሮ ይጫናል። ይዞታው ምን ዓይነት እንደሆነ የሚታወቀው ስም ለማዞር ማዘጋጃ ቤት ሲኬድ ነው። ለዚህ መዘግየት ተጠያቂው ገዢው ሳይሆን መዝገቡን የያዘው ጽሕፈት ቤት ነው ብለን እናምናለን።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ የመሬቱ የመጠቀም መብት አብሮት ይተላለፋል። ይህ መብት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ሲሸጥ፣ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ከውርስ በቀር በማንኛውም መንገድ ከተላለፈ ገዢው ወደ ሊዝ ሥሪት ይገባል። ሻጩ ሲከፍል የኖረው የዓመት ግብር ትንሽ ነበርና ገዢውም ያንኑ የሚከፍል ይመስለዋል። የሊዝ ቦታ ሲሆን ደግሞ «ሊዙ ተከፍሏል» ይባላል። የተከፈለው ቅድመ ክፍያው ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አዋጁ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን 10 በመቶ ነው። ለመኖሪያ የሚሰጠው የሊዝ ዘመን እስከ 99 ዓመት ይደርሳል፤ ያልተከፈለው ቀሪ ክፍያም ከቤቱ ጋር ወደ ገዢው ይዞራል።

ይህ ሁሉ በገንዘብ ሊስተካከል ይችላል። የማይስተካከለው የገበሬ ቦታ ነው። የከተማው ዳር ከማሽላ ማሳው ጋር በሚገናኝበት ሁሉ ሰዎች በውስጥ ውል ይገዛሉ። ውሉ በእጅ የተጻፈ አንድ ወረቀት ነው፤ «በምሥራቅ መንገድ፣ በምዕራብ የእገሌ ማሳ ያዋስነዋል» ይላል፣ ከሥሩ የሦስት ምስክሮች ፊርማ ወይም የጣት አሻራ አለ። ሻጩ አረንጓዴውን የይዞታ ደብተር አውጥቶ ያሳያል፤ ደብተሩም እውነተኛ ነው። ነገር ግን ደብተሩ የሚመሰክረው ለገበሬው የእርሻ መብት እንጂ ለገዢው ቤት አይደለም። የከተማው ፕላን እዚያ ሲደርስ የመሬቱ ካሳ የሚሰላው ስሙ በመዝገብ ላለው ሰው ነው። የስደተኛዋ የዓመታት ደመወዝ ሰነድ አልባ ግንባታ ተብሎ ለመፍረስ ይዳረጋል። ሻጩ ከሞተ ደግሞ ልጆቹ «አባታችን አልሸጠም» ብለው ይቆማሉ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ፊት እንዲደረግ ስለሚጠይቅ ያ ወረቀት ብዙም አያስጥልም።

ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰውም ባለቤት ላይሆን ይችላል፤ ገንዘብ አበድሮ በወለድ አግድ የገባ ሊሆን ይችላል። ገዢው ይህን ሳያውቅ ቀብድ ከፍሎ ኋላ ሲያውቅ ቢያፈገፍግ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት ቀብዱ ሊቀርበት ይችላል።

የከተማ አስተዳደሩ ሻጭ በጠየቀ ጊዜ የአንድ ገጽ ማረጋገጫ በጥቂት ቀናት ውስጥ መስጠት አለበት። ይዞታው ነባር፣ ሊዝ ወይስ የገበሬ እንደሆነ፣ በማን ስም እንዳለ፣ ስንት ካሬ እንደሆነ፣ የቀረው የሊዝ ክፍያ፣ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑ ይጻፍበት። አያቴም እንድትረዳው ሆኖ ይጻፍ፤ የአንቀጽ ቁጥር ብቻ አይደርደርበት። ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ጦርነት በተደጋጋሚ ባለፈባቸው በእነዚህ ከተሞች መዝገብ ማጣራት ከባድ ነው የሚል ምላሽ እንደሚመጣ እናውቃለን። መዝገቡ የተዛባ ከሆነ ግን ያንን ማወቅ የሚገባው ገንዘቡን ሊያወጣ የተዘጋጀው ሰው ነው፤ «አልተጣራም» ብሎ መጻፍም መልስ ነው።

በውስጥ ውል ላይ እየፈረሙ ያሉ ሽማግሌዎችንም እንጠይቃለን፦ ማረጋገጫው ሳይቀርብ አትፈርሙ። የእናንተን ስም ያየ ገዢ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም።