የአንዲት ላስቲክ ቀለበት ዋጋ

አቃቂ ቃሊቲ ሲነሳ ስለ ፋብሪካና ስለ ማሽን ብዙ ይወራል። ማሽኑ ውስጥ ስላለችው የላስቲክ ቀለበት ግን ማንም አያነሳም። ዘይቱን፣ እንፋሎቱንና ግፊቱን አፍና የምትይዘው እሷ ናት። በሙቀት ደርቃ ስትሰነጠቅ መጀመሪያ ዘይት ይንጠባጠባል፣ ቀጥሎ ማሽኑ ይቆማል፣ ሠራተኛውም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። በ1986 እ.ኤ.አ. ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ከ7 ሰዎች ጋር የጠፋችው በብርድ የደነደነ የላስቲክ ቀለበት በሚገባ አልዘጋም ብሎ ነው።

ጉዳዩ ኬሚስትሪ ነው። የተፈጥሮ ጎማ የካርቦን ሰንሰለት ስለሆነ 100 ዲግሪ አካባቢ ብዙ ከቆየ ይበላሻል። የሲሊኮን ላስቲክ ሰንሰለቱ ሲሊከንና ኦክስጅን ነው፤ እስከ 200 ዲግሪ ገደማ ይችላል። ከዚያ ሲያልፍ ሰንሰለቱ ከጫፉ እንደ ሹራብ ክር መተርተር ይጀምራል። ሲሊከንና ናይትሮጅን የተያያዙባቸው ሲላዛን የሚባሉ ውህዶች በትንሹ ሲጨመሩበት ለመተርተር ምክንያት የሚሆኑትን ጫፎችና የእርጥበት ርዝራዥ ያጠፋሉ፤ ላስቲኩም የበለጠ ሙቀት ይችላል። ችግራቸው ውሃ አይወዱም፤ እርጥበት ካገኛቸው አሞኒያ እየለቀቁ ይፈርሳሉ። ስለዚህ የሚሠሩትም የሚቀመጡትም በደረቅ ሁኔታ ነው።

«እንግዲያው እኛም ከዜሮ እንሥራው» የሚል አይጠፋም። እኔ አልስማማም። መነሻው ክሎሮሲሌን ትልቅ ፋብሪካና ከባድ ጥንቃቄ የሚጠይቅ አደገኛ ኬሚካል ነው። ጥሬ ሲሊኮኑንና ተጨማሪውን ገዝቶ እዚህ ማደባለቅ፣ በቅርጽ መጋገርና መፈተሽ ግን በአቅማችን ነው። የሚያስፈልገው መዳመጫ፣ የጋለ መጭመቂያና ምድጃ ነው።

ከፈተናው መጀመር ይቻላል። ገበያ ላይ ጥቁር ቀለበት ሁሉ አንድ ይመስላል፤ የትኛው የተፈጥሮ ጎማ፣ የትኛው ሙቀት የሚችል እንደሆነ ገዢው በዓይን አይለይም። ናሙናውን ምድጃ ውስጥ በ200 ዲግሪ ለ3 ቀን አቆይቶ ምን ያህል እንደደነደነና እንደተሳበ መለካት ብቻውን ብዙ ብክነት ያድናል።

«ከውጭ መግዛት ይረክሳል» ለሚሉ፦ ቀለበቷ ርካሽ ናት፣ ውዱ እሷ እስክትመጣ የቆመው ማሽን ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ በ57 ብር ይገኝ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል።

አቃቂ መለዋወጫ ለመሥራት እንግዳ አይደለም። በኋላ በ2002 ዓ.ም. በተቋቋመው ሜቴክ ሥር የገባው የመለዋወጫ ፋብሪካ የተተከለው እዚያው ነው። ነገር ግን መለዋወጫ ስንል የምናስበው ብረት ብቻ ነው። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም የሚገኘው በዚያው ክፍለ ከተማ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ቀላል ነው። ፋብሪካዎቹ የተሰነጠቀውን ቀለበት ከመጣል ይልቅ ስንት ሰዓት፣ በስንት ዲግሪ እንደሠራ ጽፈው ለዩኒቨርሲቲው ይላኩ። የኬሚካል ምህንድስና ተማሪም የመመረቂያ ርዕሱን ከዚያ ይምረጥ። መደርደሪያ ላይ ከሚቀር ጥራዝ አንድ ማሽን ሳይቆም የሚያሳድር ቀለበት ይሻላል።