ኪሱን ወረቀት የሞላው ሰውዬ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ክፉ ፍጡር ነው። ስሙ ራንዳል ፍላግ ይባላል። አሜሪካዊው የአስፈሪ ልብ ወለድ ደራሲ ስቲቨን ኪንግ የፈጠረው፣ አንዱ መጽሐፍ ውስጥ ጠፍቶ ሌላው ውስጥ ብቅ የሚል፣ መንገድ ለመንገድ የሚዞር ሰውዬ ነው።

«የጋዜጠኝነት ተማሪን ከሰይጣን ተረት ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉም። የዶርም ጓደኛዬም መጽሐፉን እጄ ላይ ሲያይ ያለኝ ይህንኑ ነው። እኔ ግን እላለሁ፦ ይህን ሰውዬ ከማንም በላይ ማወቅ ያለብን እኛ ነን። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ኪንግ ሰውዬውን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ያሰፈረው በእኛ ዕድሜ ሳለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሜይን ዩኒቨርሲቲ ይማር በነበረበት ጊዜ «የጨለማው ሰው» የሚል ግጥም በተማሪዎች መጽሔት ላይ አወጣ። እንግዲህ የዓለም ዝነኛ ክፉ ገጸ ባሕርይም እንደዚህች የኛዋ ባለች መጽሔት ነው የተጀመረው ማለት ነው! ያ ስም የለሽ መንገደኛ እ.ኤ.አ. በ1978 በታተመው «ዘ ስታንድ» በተባለው ልብ ወለድ ራንዳል ፍላግ ሆኖ መጣ።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ከጦር ሠራዊት ቤተ ሙከራ ያመለጠ ጉንፋን መሰል በሽታ ከመቶ ሰው 99.4 ያህሉን ይፈጃል። የተረፉት ለሁለት ይከፈላሉ። ገሚሶቹ 108 ዓመት የሞላቸውን እማማ አቢጌልን ተከትለው ኮሎራዶ ውስጥ ቦልደር ከተማ ይሰፍራሉ። ሌሎቹ ደግሞ ፍላግ ወዳለበት ወደ ላስ ቬጋስ ይሄዳሉ።

ታዲያ ፍላግ ቀንድና ጅራት ያለው እንዳይመስላችሁ። ጂንስ ይለብሳል፤ ተረከዙ ያለቀ ቦት ጫማ ይጫማል፤ ደረቱ ላይ የሚስቅ ፊት ያለበት ባጅ ይለጥፋል። ሳቂታ ነው። በሌሊት አስፋልቱን ይዞ በእግሩ ይጓዛል። አስማትም አለው፤ ወደ ቁራ ይለወጣል፤ ሰው ሕልም ውስጥ ይገባል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን አስማቱ አይደለም። ኪሱ ነው።

ኪሱ በወረቀት የታጨቀ ነው። እርስ በርሱ የሚቃረን በራሪ ወረቀት! የጥቁሮችን ትግል የሚሰብከውም፣ ጥቁሮችን የሚያሳድደው የኩ ክለክስ ክላን መመሪያም አንድ ኪስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሰውዬው ከሁለቱም አንዱን አያምንም። ለእሱ ሁሉም ክብሪት ነው። የትኛው እንጨት እንደሚነድ ግድ የለውም፤ ብቻ ይንደድ። ለቁኮሰና ከመንደዱ በፊት ሄዷል።

እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አጠፍኩት። ለምን ብትሉ፣ ወረቀቱ እኔም ኪስ ውስጥ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. አንደኛ ዓመት ሳለሁ፣ አንድ ማታ በቴሌግራም መልእክት ደረሰኝ። «ዛሬ ካፌ እንዳትበሉ፣ ምግቡ ተመርዟል፣ ለወንድምና ለእህቶቻችሁ አድርሱ» ይላል። ማን ጻፈው? አልጠየቅኩም። ማን ታመመ? አልጠየቅኩም። «ለጥንቃቄ ያህል» ብዬ ለሦስት ግሩፕ ላክሁት። ከዚያም አልጋዬ ላይ ጋደም አልኩ። እንዲያውም ሰው ያዳንኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሰዓት ውስጥ ግቢው ተናወጠ። ራት የበሉት ሆዳቸውን ይዘው ወደ ክሊኒክ ሮጡ። ያልበሉት ካፌው በር ላይ ተሰብስበው ይጮሁ ጀመር። አንዱ ድንጋይ ወረወረ። ሻንጣቸውን አንጠልጥለው በሌሊት ከግቢ የወጡ ሴቶች ልጆች ነበሩ። ሲነጋ የታመመ ሰው አልተገኘም። ክሊኒክ የገቡትም ፍርሃት ነው ተብለው ተመለሱ።

በማግስቱ ቁርስ ልወስድ ስሰለፍ፣ ሁላችንም «ማዘር» የምንላቸው ወጥ ሠሪ ግንባራቸው በፕላስተር ተለጥፎ ቆመው አየኋቸው። ሳህኔን ስዘረጋ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እኔ ልመርዛችሁ? ከዚሁ ድስት እኮ ነው ለልጆቼ ይዤ የምሄደው።» ምንም አልመለስኩም። እስካሁንም አልነገርኳቸውም። እነሆ ዛሬ ጻፍኩት።

ያን ቀን ከሰዓት መልእክቱ ከየት እንደጀመረ ልፈልግ ሞከርኩ። ከአንዱ ወደ ሌላው ወደ ኋላ እየሄድኩ መጨረሻ ላይ የደረስኩት «የተሰረዘ አካውንት» ከሚል ጽሑፍ ላይ ነው። ሰውዬው ሄዷል። በ«ዘ ስታንድ» መጨረሻም ፍላግ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ጥፋቱ ሲመጣ እሱ የለም፤ የቀረው ባዶ ልብሱ ብቻ ነው።

ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1987 ለሰፊው አንባቢ ባቀረበው «ዘ አይስ ኦቭ ዘ ድራገን» በተባለው መጽሐፉ ላይ ደግሞ ፍላግ የቤተ መንግሥት አስማተኛ ነው። ንጉሡን በመርዝ ይገድልና በትልቁ ልዑል ላይ ያላክካል። ሐቀኛ የተባለው ዳኛ እንኳን ያምነዋል። መርዙ የገደለው አንድ ሰው ነው፤ አገሩን ያመሰው ግን ወሬው ነው።

የዶርም ጓደኛዬ እስከዛሬ አልተስማማኝም። «አንተ ሰይጣን አይደለህም፤ ተሳሳትክ እንጂ። ዋናው ጥፋተኛ መጀመሪያ የጻፈው ነው» ይለኛል። እውነት አለው። ነገር ግን ፍላግ ብቻውን ምን ማድረግ ይችላል? ላስ ቬጋስን ሲገነባ መብራቱን የሚጠግኑለት፣ መንገዱን የሚያጸዱለት፣ አውሮፕላኑን የሚያዘጋጁለት ተራ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ ክፉዎች አይደሉም። ሥርዓት ፈልገው፣ ፈርተው፣ «ለጥንቃቄ ያህል» ብለው የመጡ ናቸው። የሰውዬው እግር እነሱ ናቸው። የዚያን ማታም እግሩ እኔ ነበርኩ።

አንዳንድ አንባብያን «ፍላግ መጨረሻ ላይ በቀላሉ ይወድቃል፣ ይህን ያህል ተፈርቶ!» ብለው ያማርራሉ። እኔ ግን የመጽሐፉ ትልቁ እውነት እሱ ይመስለኛል። ሰዎቹ በሌሊት አንድ ሁለት እያሉ ጥለውት መሄድ ሲጀምሩ ኃይሉ ይከዳዋል። በአደባባይ ሰው ሊያስገድል ሲል፣ ከራሱ ተከታዮች መሀል አንድ ፈሪ ሰው ወጥቶ «ይሄ ልክ አይደለም» ብሎ ይጮሃል። ያ ሰው ሕይወቱን ከፈለ፤ ቢሆንም ቃሉ ተሰማ። የዚያን ማታ በግሩፑ ውስጥ «ቆይ፣ ማን ታመመ?» ብሎ የጻፈ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ የማዘር ግንባር አይፈነከትም ነበር። ያ ሰው እኔ መሆን ነበረብኝ። ለዚህ አይደል እንዴ ጋዜጠኝነት የምማረው?

አባቶቻችን «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ይላሉ። በክፍል ውስጥ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት እያልን ለፈተና እንሸመድዳለን። ፈተናው ግን ማታ አልጋ ላይ ስልክ ሲንጫጫ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ግቢው ውስጥ ወሬ ሲነሳ፣ ከሁለተኛና ከሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ተውጣጥቶ ክሊኒክ፣ ካፌና ዘበኞች ጋ በእግሩ ሄዶ የሚጠይቅና ያረጋገጠውን የሚለጥፍ ቡድን ይቋቋም። ወሬው በእግሩ ከሄደ እኛም በእግራችን እንሂድ። እኔ ለመመዝገብ የመጀመሪያው ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ1990 የተቆረጡት ገጾች ተመልሰውበት ከሺህ ገጽ በላይ ሆኖ በታተመው «ዘ ስታንድ» ላይ፣ ፍላግ በመጨረሻ ባሕር ዳርቻ ላይ ይነቃል። ሌላ ስም ይዟል፤ የማያውቁት ሰዎች ከበውታል፤ እሱም ፈገግ ይላል። ሰውዬው አይሞትም፤ ተመልሶ ይመጣል። ሲመጣ ግን ኪሳችንን አናበድረው።

በሚቀጥለው ሳምንት ማዘር ጋ ሄጄ ይህን ጽሑፍ አነብላቸዋለሁ።

ቸር ወሬ ያሰማን!