የአሮጌ ኦቶሞቢልን ማቀዝቀዣ ስለ መፍታት

ቤት ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ለቤተ ሰብ የሚያገለግል ዕቃ ባረጀ ጊዜ ባለቤቱ በሁለት መንገድ ይሳሳታል። አንደኛው ዕቃው እስኪሰበር ድረስ ቸል ማለት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሳይመረምሩ በችኰላ ፈትቶ መጣል ነው። ከሁለቱ አብልጦ የሚጐዳው የትኛው እንደ ሆነ ለመፍረድ ያስቸግራል። እኔ ግን በሁለተኛው ስለ ተጐዳሁ፥ ዛሬ ስለ እርሱ ጥቂት ለመጻፍ ወደድሁ።

ውድ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር ታላቁ ልጄ ወደ እኔ መጥቶ «አባባ፥ የአሮጌዋ ኦቶሞቢላችን ማቀዝቀዣ የሚያገለግለን ከስንት አንድ ቀን ነው፤ አሁን ደግሞ ኮምፕሬሰሩ ይጮኻል። እርስዎ ቢፈቅዱልኝ ቅዳሜ ዕለት ፈትቼ ላውጣው» አለኝ። የመሐንዲስነት ትምህርት የሚማር፥ እጁም ለሥራ የማይሰንፍ ልጅ ስለ ሆነ እምቢ አላልሁትም። ነገር ግን ቀኝ እጄን ዘርግቼ በሁለቱ ጣቶቼ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየሁትና «መጀመሪያ ይህ እንዴት እንደ መጣ ስማ» አልሁት።

ከብዙ ዓመት በፊት፥ እርሱ ገና ሳይወለድ፥ እናቴ ለእኅታቸው ልጅ ሠርግ ወደ ድሬዳዋ ለመሄድ ስለ ፈለጉ በኦቶሞቢሌ ላደርሳቸው ቃል ገባሁ። በዋዜማው ማታ የኮምፕሬሰሩ ኩሽኔታ መጮኽ ጀመረ። አንድ ጎረቤቴ «በውስጡ ያለው ነፋስ ነው፤ ቱቦውን አላላውና ይውጣ» ቢለኝ እውነት መሰለኝ። ቱቦውን የያዘውን ዳዶ ባላላሁት ጊዜ ግን የወጣው እንደ ጢስ የነጣ፥ እንደ ውርጭም የሚያቃጥል ነገር ነበር። ጣቶቼ በአንድ አፍታ እንደ እንጨት ደረቁ። ዓይኔ የዳነው ፊቴን ወደ ሌላ ወገን አዙሬ ስለ ነበረ እንጂ በጥንቃቄዬ አይደለም። ከዚህም በኋላ አልተማርሁም። እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ ኮምፕሬሰሩን አወጣሁ፤ በእርሱ ላይ ያልፍ የነበረው ቺንጋ ስለ ረዘመብኝም አጠር ያለ ፈልጌ አገባሁበት። ሞተሩ ተነሣ፤ እኔም ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ከመተሐራ እንዳለፍን የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ ወጣ። አጭሩ ቺንጋ የውኃውን ፓምፕ ፑሌጃ በጥቂቱ ብቻ ይነካ ስለ ነበረ ይንሸራተት ኖሯል፤ ውኃውም በሞተሩ ውስጥ እንደሚገባው አልዞረም። እናቴ በዚያ ሐሩር በአንዲት ግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው ሦስት ሰዓት ያህል ቆዩ፤ ሠርጉም እኛ ሳንደርስ ተፈጸመ። እርሳቸውም «ልጄ፥ አንተ ብረቱን ፈታህ እንጂ ከብረቱ ጋራ ምን እንደ ታሰረ አልጠየቅህም» አሉኝ። ከዚህ ሌላ የተግሣጽ ቃል አልተናገሩኝም፤ ነገር ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ከእኔ ጋራ ወደ ቆላ ለመውረድ አልፈቀዱም።

ልጄ ይህን ከሰማ በኋላ መፍቻውን አስቀምጦ፥ አስቀድመን የመሣሪያውን ሥራ አብረን መረመርን። ኮምፕሬሰር ማለት በሞተሩ ጉልበት እየዞረ የማቀዝቀዣውን ጋዝ የሚጨምቅ መሣሪያ ነው። የተጨመቀው ጋዝ ይግላል፤ ከራዲያተሩ ፊት በተገጠመው ማብረጃ ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ለውጭው አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹም በጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ከክሩስኮቱ በስተ ኋላ ወዳለው ክፍል ሲደርስ እንደ ገና ወደ ጋዝነት ይለወጣል፤ በመለወጡም በተሳፋሪዎቹ ዘንድ ያለውን አየር ያቀዘቅዛል።

በፋብሪካ የተገጠመ ማቀዝቀዣ ያለው ኦቶሞቢል አስቀድሞ ያቀረበው ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፥ በኤሮጳ አቈጣጠር በ1939 ዓ.ም. በቺካጎ ትርኢት ላይ ለሕዝብ አሳየው። በዚያ ኦቶሞቢል ላይ ኮምፕሬሰሩን ከሞተሩ የሚለይ መሣሪያ አልነበረም። ስለዚህ ማቀዝቀዣውን ለማቆም የፈለገ ሰው ሞተሩን አጥፍቶ፥ ኮፈኑን ከፍቶ፥ ቺንጋውን በእጁ ማውለቅ ነበረበት። በኋላ ግን በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚይዝና የሚለቅ ፍሪሲዮን ተጨመረበት። ነጂው ማቀዝቀዣውን ሲያበራ ፍሪሲዮኑ ይይዛል፤ ሲያጠፋው ይለቃል፥ ፑሌጃውም ብቻውን በኩሽኔታው ላይ ይዞራል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ብዙ ሰው «ኮምፕሬሰሩን ባወጣው ቤንዚን ይቈጠብልኛል» ይላል። ማቀዝቀዣው በሚሠራበት ጊዜ ጉልበትና ቤንዚን መውሰዱ እውነት ነው። በጠፋ ጊዜ ግን የሚዞረው ፑሌጃው ብቻ ስለ ሆነ፥ የሚወስደው ጉልበት እጅግ ጥቂት ነው። እንግዲህ ለቤንዚን ሲባል ደኅናውን ኮምፕሬሰር ማውጣት ትርፉ ከድካሙ ያንሳል።

ደግሞም «አዲስ አበባ ደጋ ናትና ማቀዝቀዣ ለምን ይረባናል?» የሚሉ አሉ። ማቀዝቀዣው አየሩን ማቀዝቀዝ ብቻ ሳይሆን እርጥበቱንም ያወጣል። በክረምት ዝናብ፥ ወይም በጣርማ በር ጉም ውስጥ፥ የመስተዋቱ ውስጥ በትንፋሽ ሲሸፈን ቶሎ የሚያጠራው ይኸው የደረቀ አየር ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ካለችው ከተማችን ተነሥቶ 1,000 ሜትር ገደማ ወደ ሆነችው ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ ሽማግሌ ወይም ሕፃን ይዞ የሚወርድ ሰውም ጥቅሙን በመንገድ ላይ ያገኘዋል።

ጩኸቱም ቢሆን መመርመር ይገባዋል። ማቀዝቀዣው ጠፍቶ ሳለ የሚጮኽ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ የተበላሸው የፑሌጃው ኩሽኔታ ነው፤ ይህም በብዙ ኦቶሞቢሎች ላይ ለብቻው ይለወጣል። ሲበራ ብቻ የሚጮኽ እንደ ሆነ ግን ጕዳቱ በፍሪሲዮኑ ወይም በኮምፕሬሰሩ ሆድ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ልጄ ሞተሩን አጥፍቶ የኮምፕሬሰሩን ፊት በእጁ ቢያዞረው እየተንገጫገጨ አስቸገረው፤ ውስጡ ተሰባብሯል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ኮምፕሬሰር በድንገት የደረቀ እንደ ሆነ ቺንጋውን ሊበጥሰው ይችላል። በእኛ ኦቶሞቢል ላይ ደግሞ ያው አንዱ ቺንጋ ዲናሞውንም የውኃውንም ፓምፕ ያዞራል። ስለዚህ እንዲወጣ ተስማማን።

የመጀመሪያው ሥራ ጋዙን በደኅና መሰብሰብ ነው። ይህ ጋዝ ኦቶሞቢሉ ቆሞ ሳለ እንኳ በጎማ ውስጥ ካለው አየር ከእጥፍ በላይ በሚሆን ግፊት ታስሮ ይኖራል። በተለቀቀም ጊዜ ከዜሮ በታች ከ20 ዲግሪ በሚበልጥ ብርድ ሥጋን ያቃጥላል፤ ዓይንንም ያሳውራል። ከአየር ይልቅ ከባድ ስለ ሆነ በተዘጋ ቤት ውስጥ ትንፋሽ ያሳጣል፤ እሳት ካገኘውም መርዝ ይሆናል።

ጕዳቱም በፈታው ሰው ላይ ብቻ አይቀርም። በኤሮጳ አቈጣጠር እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በተሠሩት ኦቶሞቢሎች ውስጥ የነበረው ጋዝ አር 12 የሚባለው ነው። ሮውላንድና ሞሊና የተባሉ ሊቃውንት በ1974 ዓ.ም. እንዳስረዱት፥ የዚህ ዐይነቱ ጋዝ ወደ ላይኛው ሰማይ ወጥቶ ከፀሐይ ጐጂ ጨረር የሚጋርደንን ኦዞን ያጠፋል። ስለዚህም በ1987 ዓ.ም. በሞንትሪያል በተፈረመው ውል መንግሥታት ሥራውን ለመቀነስ ተስማሙ። በእርሱ ፈንታ የገባው አር 134ኤ ኦዞንን አይጐዳም፤ ነገር ግን 1 ኪሎ የሚሆነው፥ በ100 ዓመት ሲታሰብ፥ ከ1,300 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያላነሰ የምድርን ሙቀት ይጨምራል። እኔ በዚያች ማታ «ነፋስ ነው» ብዬ የለቀቅሁት እንዲህ ያለውን ነገር ነበር። ልጄ ግን ኦቶሞቢሏን ጋዝ የሚስብ መሣሪያ ወዳለው ጋራዥ አስወስዶ፥ ጋዙ በሲሊንደር እንዲሰበሰብ አደረገ።

ከዚህ በኋላ በደጃችን ሥራው ተጀመረ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፈታ። ቺንጋው በየትኞቹ ፑሌጃዎች ላይ በሆዱ፥ በየትኞቹ ላይ በጀርባው እንደሚያልፍ በወረቀት ሣለ፤ በእጅ ስልኩም ፎቶግራፍ አነሣ። ቺንጋውን የሚወጥረውን ብሎን አላልቶ ቺንጋውን አወጣ። ጋዙ የተሰበሰበ ቢሆንም ቅሬታ አይታጣምና፥ መነጽርና ጓንት አድርጎ የሁለቱን ቱቦዎች ማሰሪያ በዝግታ ፈታ። የቱቦዎቹንና የኮምፕሬሰሩን አፍ ሳይውል ሳያድር በንጹሕ መክደኛ ዘጋ። በውስጡ ያለው ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣልና፥ ክፍት ሆኖ የከረመ ማቀዝቀዣ በኋላ ቢገጥሙት ውስጡ ይዝጋል።

ቀጥሎ ወደ ፍሪሲዮኑ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ነቅሎ፥ ጫፉን ሸፍኖ ከሚግል ብረትና ከሚዞር ነገር ርቆ እንዲታሰር አደረገ። ኮምፕሬሰሩን የያዙትን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታ። የመጨረሻው ሲፈታ እኔ ከሥር ደግፌ ያዝሁለት፤ ክብደቱ ከ5 እስከ 7 ኪሎ የሚሆን ብረት ድንገት በእጅ ላይ ቢወድቅ ጣት ይሰብራልና። ከራዲያተሩ ፊት ያለውን ማብረጃና ማራገቢያውን ግን አልነካንም። ማራገቢያው በብዙ ኦቶሞቢሎች ላይ ራዲያተሩንም የሚያበርደው እርሱ ስለ ሆነ፥ የማቀዝቀዣው ብቻ ነው ብሎ ማውጣት ስሕተት ነው።

አሁን እኔ የተሳሳትሁበት ቦታ ደረስን። ኮምፕሬሰሩ ለብቻው ቺንጋ ያለው ቢሆን ኖሮ ቺንጋውን ማስቀረት ብቻ በበቃ ነበር። የእኛው ግን የጋራ ስለ ሆነ፥ ልጄ ያው ሞተር ያለ ማቀዝቀዣ በተሠራ ጊዜ ፋብሪካው ያዘዘለትን የቺንጋ ቍጥርና መንገድ ከመጽሐፉ ፈልጎ፥ ያንኑ ገዝቶ አመጣ። እንዲህ ያለ ቺንጋ ባይገኝ በኮምፕሬሰሩ ቦታ ሥራ ፈት ፑሌጃ ገጥሞ አሮጌውን መንገድ መጠበቅ ይቻላል። በሁለቱም መንገድ ቢሆን ቺንጋው የውኃውን ፓምፕ በደንብ ማቀፉንና ወደ ቀድሞው አቅጣጫ ማዞሩን ማየት ግድ ነው። በሆዱ ያልፍ የነበረው ቺንጋ በጀርባው ካለፈ ፓምፑ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ሞተሩም ይግላል።

ባትሪው ተመልሶ ከታሰረ በኋላ ሞተሩን አስነሥተን ግማሽ ሰዓት ያህል አጠገቡ ቆምን። የሙቀቱ ቀስት ከመካከል አላለፈም፤ የዲናሞውም መብራት አልበራም። ልጄ ሊሄድ ሲነሣ «ቆይ፥ ዳገት ወጥተን እንመለስ» አልሁትና እስከ እንጦጦ ወጥተን ተመለስን፤ ቀስቱም በቦታው ነበረ። የወጣውን ኮምፕሬሰር ከነብሎኖቹ በሣጥን አስቀምጦ እያንዳንዱ ብሎን ከየት እንደ ወጣ ጻፈበት፤ ለወደፊቱ ደኅና ሲገኝ የሚገጠመው በእነዚያው ነውና። እናቱ ግን በሚመጣው ክረምት መስተዋቱ በጉም ሲሸፈን ማን እንደሚወቀስ ከአሁኑ አስታውቀውናል።

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ኦቶሞቢላቸውን በገዛ እጃቸው የሚፈቱ አይደሉም፤ ሾፌራቸውን ወይም መካኒኩን ያዛሉ። ይሁን እንጂ ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው ከትእዛዙ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ሦስት ነገር አለ። ጋዙ በምን ይሰበሰባል? ይህ ቺንጋ ከኮምፕሬሰሩ ሌላ ምን ምን ያዞራል? የወጣውስ ዕቃ በኋላ ይገጠም ዘንድ እንዴት ይቀመጣል? መካኒኩ ለሦስቱ መልስ ካለው ሥራውን በእምነት ይስጡት። መልስ ከሌለው ግን ኦቶሞቢሉ ባለበት ይቁም፤ ከመንገድ ዳር በሐሩር ከመቀመጥ በደጅ ቆሞ አንድ ሳምንት መሰንበት ይሻላልና።